የስቶንሄንጅ ድንጋዮች ከየት እንደመጡ በምን ታወቀ? የእኛዎቹን ትክል ድንጋዮችስ እንዲሁ ማወቅ ይቻላል?

ሰምና_ድንጋይ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ደቡብ እንግሊዝ ውስጥ ስቶንሄንጅ የሚባል የጥንት የድንጋይ ክበብ አለ። በኦገስት 2024 የስቶንሄንጅ «የመሠዊያ ድንጋይ» የመጣው ከሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድ ነው ተባለ። ከዚያ በፊት ለመቶ ዓመት ያህል ከዌልስ ነው ሲባል ነበር። ግራ ያጋባኝ ይህ ነው፦ ድንጋዩ ጽሑፍ የለበትም፣ የተከሉትም ሰዎች ፊደል አልነበራቸውም። ታዲያ 750 ኪሎ ሜትር ተጉዞ መምጣቱ በምን ይታወቃል? መቼ እንደቆመስ? ድንጋዩ እኮ ሰው ከመፈጠሩ በፊትም የነበረ ነው።

የምታውቁ ከነአሠራሩ ብታስረዱን። ዘዴው ለጌዴኦና ለሶዶ ትክል ድንጋዮች ይሠራ እንደሆነም ንገሩን። ዓመት ስትጽፉ ሁላችንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ብንጠቀም ግራ አንጋባም።

ስስ_ቁራጭ

ጥያቄህ ውስጥ ሁለት ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ስለሚያደባልቃቸው ከመነሻው ብንለያቸው ይሻላል። «ከየት ተቆረጠ» ለሚለው መልሱ ድንጋዩ ውስጥ ነው። «መቼ ቆመ» ለሚለው ግን መልሱ ያለው ድንጋዩ የቆመበት ጉድጓድ ውስጥ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ልሞክር፣ ሁለተኛውን ለአፈር ሰዎች እተወዋለሁ።

ስቶንሄንጅ ላይ ሦስት ዓይነት ድንጋይ አለ። ትልልቆቹ ሳርሰን ይባላሉ፤ በአማካይ 20 ቶን ገደማ ይመዝናሉ፣ ዛሬ የቀሩት 52 ናቸው። ትንንሾቹ «ሰማያዊ ድንጋዮች» ከ2 እስከ 4 ቶን ናቸው፤ ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ውስጣቸው ዶለራይት፣ ራዮላይት (ሁለቱም ከቀለጠ አለት የቀዘቀዙ ድንጋዮች ናቸው) እና ሌላም ድብልቅ ነው። ሦስተኛው ብቻውን የተኛው የመሠዊያ ድንጋይ ነው፦ 5 ሜትር ርዝመት፣ 6 ቶን፣ አረንጓዴ የሚቀላቅል ግራጫ የአሸዋ ድንጋይ።

የመጀመሪያው መሣሪያ ዛሬም ያልተተካው ማይክሮስኮፕ ነው። ከድንጋዩ ትንሽ ቁራጭ ተቆርጦ መስታወት ላይ ይለጠፍና 0.03 ሚሊ ሜትር እስኪሆን ይፈጫል። በዚህ ውፍረት አብዛኛው ማዕድን ብርሃን ያሳልፋል፤ በፖላራይዝድ ብርሃን ሲታይ እያንዳንዱ ማዕድን በቀለሙና በቅርጹ ይለያል። ውፍረቱ ከዚህ ትንሽ ከበለጠ ቀለሞቹ ይዛባሉ፣ ኳርትዝን እንኳ ሌላ ማዕድን አድርጎ ማንበብ ይመጣል። ኸርበርት ቶማስ በ1923 ሰማያዊዎቹን ድንጋዮች ምዕራብ ዌልስ ውስጥ ካሉት የፕረሴሊ ኮረብታዎች ጋር ያገናኛቸው በዚህ መንገድ ነበር። ምልክት የሆነው ዶለራይቱ ላይ ያለው ነጭ ነጠብጣብ ነው፤ በብሪታንያ እንዲህ ዓይነት ነጠብጣብ ያለው ዶለራይት ሌላ ቦታ አይገኝም።

ቶማስ አገሩን በትክክል አገኘ፤ ኮረብታው ላይ ግን ተሳስቷል። እሱ ወደ ካርን ሜኒን አካባቢ ጠቆመ። የድንጋይ ተመራማሪዎቹ ሪቻርድ ቤቪንስና ሮብ ኢክሰር ከ2011 ጀምሮ በኬሚካል ልኬት ሲያጣሩት የነጠብጣቡ ዶለራይት ዋና ምንጭ ካርን ጎዶግ ሆኖ ተገኘ። የአንዱ ራዮላይት ዓይነት ምንጭ ደግሞ ክሬግ ሮስ-አ-ቬሊን የምትባል ትንሽ አለት ሆነች፤ ግጥጥሙ በሜትሮች ርቀት ቦታውን የሚጠቁም ነበር። እንዲህ ያለ ቅርበት ብርቅ ነው። የተገኘውም ያ ራዮላይት በየጥቂት ሜትሩ የንብርብሩ አሠራር ስለሚለወጥ ነው፤ አንድ ወጥ አለት ቢሆን ኖሮ አይቻልም ነበር።

ሰምና_ድንጋይ

እና ትልልቆቹ ሳርሰኖችስ? የአሸዋ ማዕድን የሆነው ሲሊካ ብቻ ከሆኑ ማይክሮስኮፕ ስር ሁሉም አንድ ዓይነት አይመስሉም?

ስስ_ቁራጭ

ይመስላሉ፤ ለዚህም ነው ለረጅም ጊዜ «ከማርልቦሮ ኮረብታዎች ሳይሆን አይቀርም» ከሚል ግምት ያላለፉት። ሳርሰን ከ99 ከመቶ በላይ ሲሊካ ነው። ልዩነቱ በቀረችው ከአንድ ከመቶ ባነሰች ክፍል ውስጥ ነው ያለው።

ዴቪድ ናሽና ባልደረቦቹ በ2020 ያሳተሙት ሥራ ሁለት ደረጃ ነበረው። አንደኛ፣ ድንጋይ ሳይነካ በእጅ በሚያዝ ኤክስአርኤፍ 52ቱንም ለኩ፤ በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ አምስት ቦታ። መሣሪያው ኤክስሬይ ይልካል፣ ድንጋዩ ውስጥ ያሉት ንጥረ ነገሮች የየራሳቸውን ኃይል ይመልሳሉ። አምስት ቦታ የተለካው አንድ ንባብ ስለሚያሳስት ነው፦ መሣሪያው የሚያየው ጥቂት ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ነጥብ ላይ ቆዳውን ብቻ ነው። ዝናብ ያጠበው፣ ላይከን የተለጠፈበት ወይም ጉድጓድ ያለው ቦታ ላይ ካረፈ የምትለካው አየሩንና ቆሻሻውን ነው። ውጤቱ 50ዎቹ አንድ ዓይነት ኬሚስትሪ እንዳላቸው፣ ቁጥር 26 እና ቁጥር 160 ብቻ ከሌሎቹ እንደሚለዩ አሳየ።

ሁለተኛው ደረጃ ግን የድንጋይ ሥጋ ይፈልጋል፤ ከሐውልቱ ላይ መቁረጥ ደግሞ አይፈቀድም። እዚህ ላይ አጋጣሚ ረዳቸው። በ1958 የወደቁት ድንጋዮች ሲመለሱ ቁጥር 58 ተሰንጥቆ ተገኘ፤ ለማጠናከር በአግድም ሦስት ቀዳዳ ተበስቶ ብረት ገባበት። ከቀዳዳው የወጣውን አንድ ሜትር ገደማ የሚረዝም የድንጋይ ዘንግ ከሠራተኞቹ አንዱ ሮበርት ፊሊፕስ አስቀምጦት ኖሮ አሜሪካ ይዞት ሄደ፤ ከ60 ዓመት በኋላ በ2018 መለሰው። ከዚያ ዘንግ ትንሽ ቁራጭ ተፈጭቶ፣ በአሲድ ተሟሙቶ፣ በፕላዝማ መለኪያ ተነበበ። ከዴቮን እስከ ኖርፎክ ከ20 የሳርሰን ቦታዎች የመጡ ናሙናዎችም በተመሳሳይ መንገድ ተለኩ። ከዚያ ከሃያ በላይ የሆኑ ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች ለዚርኮኒየም ያላቸው ምጥጥን ተነጻጸረ። ዚርኮኒየም የተመረጠው በውሃ ስለማይታጠብ ነው፤ እንደ ሶዲየምና ካልሲየም ያሉት በዝናብ ስለሚሄዱ ምጥጥን ቢሠራባቸውም አያስተማምኑም። የገጠመው ዌስት ዉድስ ብቻ ነበር፤ ከስቶንሄንጅ ወደ ሰሜን 25 ኪሎ ሜትር።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ጋዜጦች ሁሌ ይዘሉታል። በፕላዝማ የተለካው ቁጥር 58 ብቻ ነው። ሌሎቹ 49 ከዌስት ዉድስ ናቸው የሚባለው በኤክስአርኤፍ ከ58 ጋር አንድ ስለሆኑ ነው። ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ ግን የእያንዳንዱ ድንጋይ የትውልድ ወረቀት አይደለም።

ካባ_ፈላጊ

@ስስ_ቁራጭ ላይ ልጨምር። ኬሚስትሪው «ከዚህ አለት ነው» ብሎ ያቆማል። ሰው ቆርጦ ወስዶታል ለማለት ካባው፣ ማለትም ድንጋዩ የወጣበት ቦታ፣ መገኘትና መቆፈር አለበት። ዌልስ ውስጥ የአርኪዮሎጂስቱ የማይክ ፓርከር ፒርሰን ቡድን የሠራው ይህን ነው።

በካርን ጎዶግ አለቱ ራሱ በተፈጥሮ ምሰሶ ምሰሶ ሆኖ የቆመ ነው። ስለዚህ መፈልፈል አያስፈልግም፤ በምሰሶዎቹ መካከል ያለችውን ስንጥቅ ማስፋት ይበቃል። በቁፋሮው የድንጋይ ሽብልቆች ተገኙ፤ የሚገርመው ሽብልቆቹ ለስላሳ ድንጋይ መሆናቸው ነው። ጠንካራ ሽብልቅ ሲመታ ጫናውን አንድ ነጥብ ላይ ያሳርፍና ምሰሶውን ራሱን ይሰነጥቀዋል። ለስላሳው ግን እየተጨፈለቀ ጫናውን ያከፋፍላል፣ ምሰሶው ሳይጎዳ ይላቀቃል። ከአለቱ ግርጌ ደግሞ በአፈርና በድንጋይ የተሞላ መደላድል ነበር፤ ጫፉ አንድ ሜትር ያህል ቁልቁል የሚወርድ። ምሰሶውን አስተኝተው ከዚያ ዝቅ ብሎ ወደሚጠብቀው ማጓጓዣ የሚያወርዱበት ቦታ ተደርጎ ይነበባል።

የካባው ዘመን የመጣው ከከሰልና ከተቃጠለ የሃዘል ለውዝ ቅርፊት ነው፤ ከ3400 እስከ 3000 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት። ካባ ስትቆፍሩ የምትጠብቁት ትልቅ ግኝት አይደለም፦ የሠራተኛ እሳት፣ ፍርፋሪ ድንጋይ፣ የተሰበረ መሣሪያ፣ የተላቀቀ ምሰሶ የተወው ባዶ ቦታ፣ ተላቆ ሳይወሰድ የቀረ ድንጋይ። ችግሩ ካባ ለሺህ ዓመታት አገልግሎት ላይ ሊቆይ መቻሉ ነው። በቅርብ ዘመን በር መቃን የፈለገ ገበሬ የጥንቱን አሻራ በአንድ ቀን ያጠፋዋል። ስለዚህ የብረት መሣሪያ ምልክትና የድንጋይ መሣሪያ ምልክት መለየት የመጀመሪያው ሥራ ነው።

ደጋ_በረዶ

ሁላችሁም ሰው እንደወሰደው አድርጋችሁ ነው የምትጽፉት። በበረዶ ዘመን ግግር በረዶ ድንጋዮቹን ከዌልስ ገፍቶ ወደ ደቡብ እንግሊዝ አምጥቷቸው ቢሆንስ? ሰዎቹ በአቅራቢያቸው ያገኙትን ሰብስበው አቁመውት ይሆናላ። ይህ ሐሳብ በሳይንቲስቶችም የተደገፈ ነው።

ካባ_ፈላጊ

የተደገፈ መሆኑ እውነት ነው፤ የሚገባው ክርክርም ነው። በቀላሉ መጣል የለበትም፣ ግን ሊፈተን የሚችል ሐሳብ ነውና እንፈትነው። ግግር በረዶ መርጦ አይጭንም። ከዌልስ ስቶንሄንጅ እስካለበት እስከ ሳልስበሪ ሜዳ ገፍቶ ቢሆን ኖሮ ትልልቆቹን ብቻ ሳይሆን ጠጠሩን፣ አሸዋውን፣ የማይፈለገውን ድንጋይ ሁሉ በመንገዱ ይበትን ነበር። በሜዳው ወንዞች ጠጠር ውስጥ የፕረሴሊ ድንጋይ ብትን ተፈልጎ አልተገኘም። በሌላ በኩል አለቱ ግርጌ ሽብልቅና መደላድል አለ። ሁለቱን ሳስተያይ ሚዛኑ ወደ ሰው ያደላል።

ክብደቱም እንደሚታሰበው አያስፈራም። በ2016 ለንደን ውስጥ በተደረገ ሙከራ አንድ ቶን ድንጋይ በእንጨት መንሸራተቻ ላይ ተጭኖ፣ ከሥሩ ግንድ ተነጥፎለት፣ አሥር ሰዎች ገደማ ጎትተውታል። ሜዳ ላይ መሆኑን አትርሱ፤ ዳገትና ጭቃ ሌላ ነገር ነው። ቢሆንም የ2 ወይም የ4 ቶን ድንጋይ ከአንድ መንደር ሰው አቅም በላይ አይደለም።

በተቃራኒው የእኛ ወገንም የተሳሳተበት አለ። በ2021 ዋን ማውን የተባለ ዌልስ ውስጥ ያለ የፈረሰ የድንጋይ ክበብ የስቶንሄንጅ «የመጀመሪያ መልክ» ነው ተባለ፤ ስፋቱም ከስቶንሄንጅ ዙሪያ ቦይ ጋር እኩል 110 ሜትር ነው በሚል። በኋላ እዚያ የቀሩት ድንጋዮች ኬሚስትሪ ሲለካ ከስቶንሄንጅ ድንጋዮች ጋር አልገጠመም። ሐሳቡ ውብ ነበር፤ ልኬቱ ግን አልደገፈውም።

ሰምና_ድንጋይ

ስኮትላንድ ላይ እንዴት ተደረሰ? አለቱን ሳያገኙ ነው ወይስ አግኝተው?

ስስ_ቁራጭ

አለቱን ሳያገኙ ነው፤ ይህን መጠየቅህ ጥሩ ነው። የተገኘው አካባቢው ነው።

የአሸዋ ድንጋይ ከሌሎች አለቶች ፍርፋሪ የተሠራ ነው። ወንዝ ከተለያየ ተራራ ያመጣው አሸዋ ተጠራቅሞ ይደርቃል። በአሸዋው መካከል ዚርኮን፣ አፓታይትና ሩቲል የሚባሉ ጥቃቅን ማዕድናት አሉ፤ ሲፈጠሩ ዩራኒየም ይይዛሉ፣ ዩራኒየሙ በታወቀ ፍጥነት ወደ እርሳስ ይለወጣል። የዩራኒየም 238 እኩሌታ ለመለወጥ 4.47 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። ስለዚህ የሁለቱን መጠን በለካህ ቁጥር የዚያችን ቅንጣት ዕድሜ ታገኛለህ። ልኬቱ በሌዘር ነው፤ ሌዘሩ ከፀጉር ክር በቀጠነ ነጥብ ቅንጣቷን ይቦረቡራል፣ የወጣው ብናኝ ወደ መለኪያው ይገባል።

አንድ ቅንጣት ምንም አይነግርህም። የብዙ ቅንጣቶች ዕድሜ አንድ ላይ ሲደረደር ግን አሸዋው የተነሳባቸውን ተራሮች ዝርዝር ይሰጥሃል፤ የጣት አሻራው እሱ ነው። በመሠዊያው ድንጋይ ውስጥ ዚርኮኖቹ በጣም ያረጁ፣ አብዛኞቹ ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በላይ የሆኑ ናቸው። ሩቲሉና አፓታይቱ ደግሞ ወደ 460 ሚሊዮን ዓመት ይሰበሰባሉ። ይህ ጥምረት በዌልስ የአሸዋ ድንጋዮች የለም። በሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድ የኦርኬዲያን ተፋሰስ በሚባለው ግን አለ። አንቶኒ ክላርክ፣ ክሪስ ኪርክላንድና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ይህን ነው። ቀድሞ በ2023 የቤቪንስ ቡድን የድንጋዩ ባሪየም ለዌልስ ድንጋይ ከመጠን በላይ የበዛ መሆኑን አሳይቶ ስለነበር መንገዱ ተጠርጎ ነበር።

ተፋሰሱ ሰፊ ነው፤ ከኦርክኒ ደሴቶች ጀምሮ ወደ ደቡብ በምድሩ ላይ ይዘረጋል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የኦርክኒ ዋና ደሴት ድንጋዮች ተለክተው አልገጠሙም። ስለዚህ «ከኦርክኒ መጣ» የሚሉ ቪዲዮዎች ካያችሁ አትመኗቸው።

አፈር_ንባብ

አሁን የኔ ክፍል። ድንጋይ መቼ ቆመ?

ድንጋይ ሲቆም መጀመሪያ ጉድጓድ ይቆፈራል። በስቶንሄንጅ የብዙዎቹ ጉድጓዶች አንደኛው ጎን ተዳፋት ነው፤ ድንጋዩ በዚያ በኩል ተንሸራቶ ይገባል። ተቃራኒው ጎን ቀጥ ያለ ነው፤ ድንጋዩ ሲገባ እንዳይንደው እንጨት የተደገፈበት ምልክት አለው። ድንጋዩ ከቆመ በኋላ ዙሪያው በድንጋይና በአፈር ይጠቀጠቃል፤ መውቀሪያ የነበሩት ድንጋዮች ሲያረጁ መጠቅጠቂያ ሆነው እዚያው ተገኝተዋል። ለአርኪዮሎጂስት እነዚህ ሦስት ነገሮች ሦስት የተለያዩ ጊዜያት ናቸው፦ ጉድጓዱ ከመቆፈሩ በፊት የነበረው አፈር፣ ሲቆም የተጠቀጠቀው ሙሌት፣ ከቆመ በኋላ ከላይ የተጠራቀመው። ናሙናህ ከየትኛው እንደወጣ ካላወቅህ፣ ላቦራቶሪው የሚሰጥህ ቁጥር የምንም ነገር ዕድሜ አይደለም።

ሙሌቱ ውስጥ የተገኘ ከሰል የሚለው «ድንጋዩ ከዚህ በፊት አልቆመም» ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ሰዎቹ ሲቆፍሩ የሺህ ዓመት ከሰል ያለበትን አፈር አውጥተው መልሰው ሊሞሉበት ይችላሉ። ድንጋዩ ከቆመ በኋላ ጉድጓዱን የቆረጠ መቃብር ካለ ደግሞ ከሌላው ወገን ይገድበዋል። ጥሩ ቁፋሮ ዕድሜውን ከሁለቱም ወገን አጥብቆ ይይዛል።

የከሰልና የአጥንት ዕድሜ የሚለካው በካርቦን 14 ነው። የካርቦን 14 እኩሌታ ለመፈረስ 5730 ዓመት ይፈጃል፤ እስከ 50,000 ዓመት ድረስ ያስኬዳል። ዛሬ ለመለካት ጥቂት ሚሊ ግራም ከሰል ይበቃል። ስህተቱ የሚመጣው ከማሽኑ ሳይሆን ከመረጣው ነው። የሚደጋገሙትን ልጻፍ።

ያረጀ እንጨት፦ ካርቦን የሚለካው ዛፉ ያቺን ቀለበት ያበቀለበትን ዓመት እንጂ የተቃጠለበትን ዓመት አይደለም። ከወይራ ወይም ከሐበሻ ጥድ ግንድ መሃል የወጣ ከሰል ብዙ መቶ ዓመት ወደኋላ ሊወስድህ ይችላል። ስለዚህ ከሰሉ ከመላኩ በፊት የዛፉ ዓይነት በማይክሮስኮፕ ይለያል፤ ቀንበጥ፣ ፍሬ፣ የእህል ዘር ይመረጣል። ዌልስ ላይ የለውዝ ቅርፊት የተፈለገው ለዚህ ነው፤ የአንድ ዓመት ዕድገት ነው።

የቆየ ዕቃ፦ በስቶንሄንጅ ዙሪያ ቦይ ሥር የተገኙት የአጋዘን ቀንድ መቆፈሪያዎች ቦዩ የተቆፈረው በ3000 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ መሆኑን ያሳያሉ። እዚያው ቦይ ውስጥ የተቀመጡ የከብት አጥንቶች ግን ከቀንዶቹ የቀደሙ ሆነው ተገኙ። ሰዎቹ አጥንቱን ለትውልዶች ይዘውት ቆይተው ነው ያስቀመጡት። አጥንቱ ብቻ ቢለካ ኖሮ ሐውልቱ ያለ ዕድሜው ባረጀ ነበር። መሣሪያውን መለካት፣ መባውን ከመለካት ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

የአቆጣጠር ኩርባ፦ የካርቦን ዓመት ወደ ቀን መቁጠሪያ ዓመት ሲቀየር ኩርባው አንዳንድ ቦታ ዝርግ ነው። ከ800 እስከ 400 ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለው ዘመን እንዲህ ነው፤ አራት መቶ ዓመት ሙሉ አንድ ዓይነት ቁጥር ይሰጣል። ናሙናህ እዚያ ከወደቀ በአንድ ልኬት መገላገል የለም፤ በንብርብር ቅደም ተከተል የታሰሩ ብዙ ልኬቶች ያስፈልጉሃል።

እንስሳ፦ ፍልፈል። ምንም ተጨማሪ ማብራሪያ አይፈልግም፤ ሙሌቱ ውስጥ ጉድጓዱን ካያችሁ ከዚያ ናሙና አትውሰዱ።

ብርሃን_ቆጣሪ

ከሰል ከሌለስ? ኦኤስኤል የሚባለው አለ አይደል? እሱንም አንሱት።

አፈር_ንባብ

አለ። የኳርትዝ ወይም የፌልድስፓር ቅንጣት ከተቀበረ ጀምሮ በዙሪያው ካለው ጨረር ኃይል ያጠራቅማል፤ ብርሃን ሲያገኝ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ የሚለካው አሸዋው ለመጨረሻ ጊዜ ፀሐይ ያየበትን ቀን ነው። ድንጋይ ሲተከል ከሥሩ የተቀበረውን አፈር መለካት ማለት ነው።

አሠራሩ፦ የቁፋሮው ግድግዳ ይጠረጋል፣ ብርሃን የማያሳልፍ 5 ሴንቲ ሜትር ወርድ፣ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቱቦ በመዶሻ ይገባል፤ ሲወጣ ሁለቱ ጫፍ በጥቁር ፕላስቲክ ታፍኖ በቴፕ ይታሸጋል። ቱቦው ካልሞላ ውስጡ ያለው አሸዋ በመንገድ ይንገዋለልና ጫፍ ላይ ብርሃን ያየው ከመሃሉ ጋር ይደባለቃል፤ ናሙናው ያኔ ሞተ። በቱቦው ዙሪያ 30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ካለው አፈር ደግሞ ለብቻው ይወሰዳል፤ የጨረሩ መጠን የሚሰላው ከእሱ ነው። የአፈሩ እርጥበትም ይመዘናል፤ ውሃ ጨረር ስለሚውጥ እርጥበቱን የገመተ ሰው ዕድሜውንም ገመተ።

ዘመናይ

ስለ ሰዎቹ ማንም አላነሳም። ድንጋዩ ከየት እንደመጣ ካወቅን፣ ሰዎቹስ?

አፈር_ንባብ

እህቴ፣ ልክ ነሽ። በስቶንሄንጅ ኦብሪ የሚባሉ 56 ጉድጓዶች አሉ፤ የተቃጠለ የሰው አጥንት ተቀብሮባቸው ነበር። በ1920ዎቹ ተቆፍሮ የወጣው አጥንት በ1935 አንድ ላይ ተደርጎ በ7ኛው ጉድጓድ ተመለሰ፣ በ2008 እንደገና ወጣ። በ2018 የታተመ ጥናት የ25 ሰዎችን አጥንት በስትሮንሺየም አይሶቶፕ ምጥጥን (ክብደታቸው በሚለያይ የስትሮንሺየም አቶሞች መካከል ባለው ምጥጥን) ለካ። ስትሮንሺየም ከአለት ወደ አፈር፣ ከአፈር ወደ እህል፣ ከእህል ወደ አጥንት ይሄዳል፤ የሳልስበሪ ሜዳ ኖራ ድንጋይ ዝቅተኛ ምጥጥን አለው፣ የዌልስ ያረጀ አለት ከፍተኛ። ከ25ቱ 10ሩ በመጨረሻዎቹ የሕይወት ዓመታቸው ሜዳው ላይ ብቻ የኖሩ አልነበሩም፤ ምጥጥናቸው ከምዕራብ ዌልስ ጋር ይስማማል።

ያልተቃጠለ አጥንት ከአፈር ስትሮንሺየም ስለሚስብ ለዚህ አይታመንም፣ ጥርስ ነው የሚፈለገው። የተቃጠለ አጥንት ግን በከፍተኛ ሙቀት እንደገና ስለሚጠጥር የራሱን ይዞ ይቀራል። ለብዙ ዓመታት የተቃጠለ አጥንት ጥቅም የለውም ተብሎ ሲጣል ኖሯል። በጣም ያሳዝናል።

የሶዶ_መንገድ

ወደ አገር ቤት ልመልሳችሁ። ሶዶ ውስጥ ጢያ ላይ 36 ድንጋዮች አሉ፣ 32ቱ ጌጥ የተቀረጸባቸው፤ ከ1980 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በአካባቢው «የግራኝ ድንጋይ» የሚል ስም አለው። ቁፋሮው ግን ከሥሩ ያሉት መቃብሮች ከግራኝ ዘመን የቀደሙ የመካከለኛው ዘመን መሆናቸውን አሳይቷል። የአፍ ታሪክን ለመናቅ አይደለም ይህን የምለው። ስሙ በኋላ የመጡ ሰዎች ድንጋዩን እንዴት እንደተረዱት ይናገራል፤ ማን እንደተከለው ግን መቃብሩ ነው የሚናገረው።

ጌዴኦ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይሰፋል። ቱቱ ፈላና ጨልባ ቱቲቲን ጨምሮ ብዙ ሥፍራዎች አሉ፤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2023 ተመዝግቧል። የፈረንሳዩ ሮዤ ዡሶም የሠራው ቁፋሮ መሠረት ጥሏል። በ2021 ደግሞ የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቡድን፣ ከመካከላቸው አሸናፊ ዜና፣ ሳካሮ ሶዶ የተባለው ሥፍራ በ1ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በኋላ አካባቢ መሠራቱን አሳተመ፤ ቀድሞ ከሚታሰበው አንድ ሺህ ዓመት ያህል ወደኋላ ማለት ነው። በዚያው ሥራ በሥፍራዎቹ የተገኘው ባልጩት አብዛኛው ከሰሜን ኬንያ፣ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት የመጣ ሆነ።

አሁን የ@ሰምና_ድንጋይ ጥያቄ፦ ዘዴው ይሠራል ወይ? ለባልጩት በጣም ይሠራል። ባልጩት በፍጥነት የቀዘቀዘ መስታወት ስለሆነ አንድ ምንጭ ውስጡ ወጥ ነው፣ ከሌላው ምንጭ ግን ይለያል፤ ሩቢዲየም፣ ስትሮንሺየም፣ ዚርኮኒየምና ኒዮቢየም ብቻ ብዙ ጊዜ ይበቃሉ። ለትክል ድንጋዮቹ ግን እንደ ስቶንሄንጅ አይቀልም። የደቡቡ አገር የእሳተ ገሞራ ነው፤ አንድ ፍሰት በአስር ኪሎ ሜትሮች ተዘርግቶ ኬሚስትሪው ከዳር እዳር አንድ ሊሆን ይችላል። ናሙናው ከፍሰቱ ጋር ገጠመ ማለት ካባው ተገኘ ማለት አይደለም። ስለዚህ ካባውን በእግር መፈለግ ግዴታ ነው። አክሱም ላይ ይህ ተችሏል፤ ከከተማው ወደ ምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ጎቦ ድራ ኮረብታ የሽብልቅ ቀዳዳ ተራ በተራ የተሰለፈባቸው አለቶች ዛሬም ይታያሉ።

ኦኤስኤልም በእኛ አገር ጣጣ አለው። የእሳተ ገሞራ አፈር ኳርትዙ ጥቂት ነው፣ ያለውም ደብዛዛ ብርሃን ይሰጣል። ፌልድስፓር ከተጠቀምን ያጠራቀመው ኃይል በጊዜ ብዛት ይተናል፣ ዕድሜው ካለው ያነሰ ሆኖ ይወጣል፤ ማስተካከያ ልኬት ይፈልጋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ድንጋዩ ቦታውን መልቀቁ ነው። ቱቱ ፈላ ላይ ቀደም ብለው የተሠሩ ድንጋዮች እንደገና ተቀርጸው የሰው መልክ ተሰጥቷቸው መቃብር ላይ ቆመዋል። የድንጋዩ ዕድሜና የመቃብሩ ዕድሜ አንድ ነው ብሎ የጀመረ ሰው እዚያ ላይ ይሳሳታል። ከዚያ ውጭ የእርሻ፣ የእንሰት ተከላ፣ የመንገድ ሥራ አለ። የወደቀ ድንጋይ አይቶ «ላቁመው» የሚል ደግ ሰው፣ ጉድጓዱን አስፍቶ ከቆፈረ የዘመኑን ብቸኛ ምስክር አጠፋው። የወደቀ ካያችሁ እንደወደቀ ይቆይ።

አወያይ

ፎቶ የምትለጥፉ ወገኖች፣ ያልተመዘገበ ሥፍራ ከሆነ ትክክለኛ መገኛውን አትጻፉ፤ ስልካችሁ ፎቶው ውስጥ የሚደብቀውን የጂፒኤስ መረጃም አጥፉ።

ሰምና_ድንጋይ

እጅግ አመሰግናለሁ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። መንገድ ሲቆረጥ ወይም ጎርፍ ሲንደው የትክል ድንጋይ ጉድጓድ ተጋልጦ፣ ከሰልም ቢታይ ባለሙያ እስኪደርስ ምን ይደረግ?

አፈር_ንባብ

ከሰሉን አታውጣ። በ2000 የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ መቆፈርን ይከለክላል፤ ከሕጉም ሌላ ከቦታው የወጣ ከሰል ዋጋ የለውም። ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ፣ እነሱ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ያደርሳሉ።

እስከዚያ የምትሠራው ይህን ነው። ሜትር ወይም የታወቀ ርዝመት ያለው ዱላ ግድግዳው አጠገብ አቁመህ ፊት ለፊት ፎቶ አንሳ፤ ከጎን የተነሳ ፎቶ ንብርብሩን ያጣምመዋል። ጧት ወይም ወደ ማታ፣ ግድግዳው ጥላ ውስጥ ሲሆን የአፈሩ ቀለም ይለያል፣ ቀትር ላይ ሁሉም ነጭ ይሆናል። ሰሜን ወዴት እንደሆነ ምልክት አድርግ። ከዚያ ግድግዳውን በጆንያ ሸፍነህ በአፈር ደግፈው። ፕላስቲክ ብቻ ከሆነ ውስጡ ያልበዋል፣ ሻጋታም ያወጣል፤ ሻጋታ ደግሞ የዛሬን ካርቦን ከሰሉ ላይ ይጨምርበታል። ጎርፍ ከላይ የሚመጣ ከሆነ ሁለት ሜትር ራቅ አድርገህ ውሃውን የሚመልስ የአፈር እርከን ከላይ ደልድል። ቦይ ግን አትቆፍር፤ ቦዩ ሌላ ጉድጓድ ሊቆርጥ ይችላል።

አጠገቡ ሲጋራ አይጨስ፣ እሳትም አይነድ።

የሶዶ_መንገድ

እኔ የምጨምረው፣ የመሬቱን ባለቤት ገበሬ ከመጀመሪያው ፎቶ ጀምሮ ከጎንህ አቁመው። ድንጋዩ ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ቆሞ ነበር ወይስ ወድቆ፣ ማን አንቀሳቀሰው፣ የቱ ማሳ ላይ ሌላ ድንጋይ በማረሻ ተነካ፣ ይህን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። የነገረህን በራሱ ቃል፣ ከቀኑ ጋር ጻፈው፤ ቆፋሪው ሲመጣ የመጀመሪያውን ጉድጓድ የት እንደሚከፍት የሚወስነው በዚያ ወረቀት ነው።